አውራ ጣት

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፤
መብራት ከሄደ ቆየ፣ ባትሪዬ ሊያልቅ
አሥራ አንድ በመቶ ቀርቶታል።
ታች፣ ጥበቃው ጋሽ ድሪብሳ በረዥሙ ያስላል።
ከመሸ የማሳድደው አንድ ማረጋገጫ ነው፣
ያዝኩት ባልኩ ቁጥር ከእጄ ላይ የሚሟሟው።

ለንፋሱ ብዬ ወረድኩ። «ዛሬም አልተኛሽም?
ምን ያስመሽሻል ልጄ? ፈተና የለብሽም!»
«ቁልፍ እሠራለሁ» አልኩት።
የበሩን ጓጉንቸር አንሥቶ አሳየኝ፤
«እንዲህ ያለ?» አለኝ።

«እንዲህ ያለ፤ አፉን ከፍቶ የተንጠለጠለ፣
መንገደኛም ጠቅ አድርጎ ሊዘጋው የቻለ።
መዝጋቱ የሁሉ ነው፤ መክፈቻው ካንተ ኪስ።
እኔም እንዲህ ያለ ሺህ ቁልፍ ገበያ ብነሰንስ፣
የሚጽፍልኝ ሰው አንዱን አንሥቶ
ሣጥኑን ይልክልኛል ዘግቶ፤
የላከው ራሱ
ቢጸጸት አይከፍተውም፤ የለውም በኪሱ።»

«ብረቱስ ከምንድን ነው?» — «ከቁጥር፤ ከብቸኛ ቁጥር፣
ማንም ከማያካፍለው፣ ከራሱና ከአንድ በቀር።
ሁለቱን ማባዛት የልጅ ሥራ ነው፤
ተባዝተው ካደሩ ግን፣ እነማን እንደወለዱት ውጤቱን አይቶ የሚያውቅ ማነው?
ሥራው ሲገለበጥ ደግሞ ፊርማ ይወጣዋል፤
እኔ ብቻ እፈርማለሁ፣ አላፊ አግዳሚው ያጣራዋል።
ከሰነዱ አንዲት ፊደል ብትነቀል፣
ከካሬው ላይ አንዲት ዜሮ ብትታከል፣
ፊርማው እዚያው ይሞታል፤
ገንጥሎ ሌላ ወረቀት ላይ መለጠፍማ የት ይገኛል!»

እዚህ ላይ ዝም አለ።
ጓጉንቸሩን ጭኑ ላይ አኖረው፤ መክፈቻውን በጣቱ አሽከረከረ።

አሁን ብሎኩ የቆመበት
ጤፍ ነበር፤ አባቱ ያረሰበት።
አንድ ጠዋት ድንኳን ጠሩት፤ ማኅተም፣ ቲተር፣
ሰማያዊ ቀለም የጠጣ ስፖንጅ ከጠረጴዛው ዳር።
«እዚህ ጋ» አሉት። ጣቱን ጫነ።
ለግማሹ ማሳ መስሎት፤ በኋላ ሲነበብ ሙሉው ሆነ።
ያ አሻራ የማን እንደሆነ
ያኔም ዛሬም አልካደ። የራሱ ነው። ራሱ ነው የጫነ።

«ያንቺስ አይሰበርም?»
ልዋሽ አሰብኩ፤ አልሆነልኝም።
«አንድ ማሽን እየመጣ ነው። ገና ጨቅላ ነው፣ ከበረዶ በቀዘቀዘ ቤት የሚያድር፤
ከጎለመሰ ይፈታዋል የብቸኞቹን ትዳር።
ስለዚህ ሸሽተናል ወደ ጥልፍልፍ፣
አምስት መቶ አቅጣጫ ወዳለው ደን፣ ቅርቡ ዛፍ እንኳ ዓይን ወደሚያጠፋፍፍ።
እዚያም ሰላም የለም፤ የጓዴ የምንተስኖት ቀመር፣ ሰባት ዓመት የተደገሰ፣
ባለፈው ቅዳሜ በአንድ ሰው ላፕቶፕ ፈረሰ፤
ሰውየው ከምሳ በኋላ ጀምሮ፣ እራት ሳይቀርብ ጨረሰ።»
«ምንተስኖትስ?»
«ሰውየውን አመስግኖ ጻፈለት።»

ሳቀ፤ ሳሉ አቋረጠው።
አውራ ጣቱን ወደ ስልኬ ብርሃን አስጠጋው።
ብሎኬት ሲያቀብል፣ ሲሚንቶ ሲያቦካ፣
መስመሩ ሁሉ ተልጦ፣ እንደ ወንዝ ድንጋይ ለስልሷል ለካ።

«ለመታወቂያ ሄጄ መስተዋቱ ላይ ሳስቀምጠው
ማሽኑ አላወቀኝም። ‹ድጋሚ› አለ። ‹ድጋሚ›። አምስት ጊዜ ‹ድጋሚ› ነው።
ያኔ፣ ለመሬቴ፣ በአንዴ ነበር የታወቀው።»

ቆይቶም፣ በሩን እያየ፣ «ያንቺ ፊርማ» አለኝ፣
«ሰውየው የፈረመው ነገር ይግባው አይግባው ይነግረኛል? ንገሪኝ።»

ደረጃውን በዳበሳ ወጣሁ። ባትሪው አራት በመቶ።
ከምልክቶቹ ጎን፣ ኅዳጉ ላይ፣ በአማርኛ፣ እጄ ፈጥኖ ተጎትቶ፦
«ግምት አንድ፤ ፈራሚው የፈረመውን ያውቃል።»
ሠረዝኩት። እንደገና ጻፍኩት። ታች ጓጉንቸሩ ጠቅ ይላል።